ከበሬው የተረፈች ገመድ

አንድ ሰው ነበረ፤ እናቱን ከመውደዱ ብዛት እናቱ ጋ መሄድ ያቃተው።

አትሳቂ ውብሪስት! ጠይቀሽኝ የለ? «ጋሼ፣ በዓል መጣ፣ ኪሴ ባዶ ነው፣ ለእናቴ ምን ልስጣት? ደሞዝ እስክይዝ ብቀር አይሻልም?» ብለሽኝ የለ? አጎትሽ ደግሞ ጥያቄ በባዶው አይመልስም። ያንን ስልክ አስቀምጪና ጆሮሽን ወዲህ በዪ።

ይሄ ሰውዬ በአንዲት የገበያ ከተማ ወፍጮ ቤት ይሠራ ነበር። የገበሬውን እህል ይቀበላል፣ ይመዝናል፣ ያስፈጫል። ከጠዋት እስከ ማታ ዱቄት ሲቦንበት ስለሚውል ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ነው። ከሩቅ ያየው ሰው ሽማግሌ መስሎት ከመቀመጫው ይነሳለታል፤ ሲቀርበው ያስነጥሰዋል። የእናቱ መንደር ሩቅ አልነበረም። በማለዳ የተነሳ ሰው ለቁርስ ይደርሳል። ታዲያ ምን ያዘው?

ባዶ እጅ ነዋ! ባዶ እጅ ያዘው!

መጀመሪያ ወፍጮ ቤት እንደገባ «ስኳርና ሳሙና ገዝቼ እናቴን አያታለሁ» አለ። ገዛም። ጆንያ የሚሸከመው ጓደኛው አየውና «እንዴ! ይቺን ይዘህ ነው የምትገባው? ጎረቤቱ "ልጅሽ ምን አመጣልሽ?" ሲላት ሳሙና አውጥታ ልታሳይ?» አለው። ሰውዬው አፈረ። በሳሙናው ራሱ ታጠበበት፣ ስኳሩን በሻይ ጠጣው፣ ቀረ። ቀጥሎ ጋቢ አሰበ። የጋቢው ገንዘብ ሲሞላለት «ይሄን ሁሉ ጊዜ ጠፍቼ በጋቢ ልመለስ?» አለና በግ አሰበ። ለበጉ ሲደርስ ደግሞ በጉ አነሰበት። አየሽ ጉዱን? መቅረቱ በረዘመ ቁጥር ስጦታው እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል፤ ስጦታው ኩፍ ባለ ቁጥር መቅረቱ ይረዝማል። ያቺ «ምን አመጣልሽ?» የምትባል ነገር ከጅብ በላይ ታስፈራው ነበር። በዚያ መንገድ ላይ ደግሞ ጅብ እንኳ የለም!

እናትየዋ ግን እህል ጭኖ ወደ ወፍጮ በሚወርድ ሰው ሁሉ ትልክበታለች። መጀመሪያ «ሰላም በሉልኝ» ነበር። ኋላ «ደህና ነኝ፣ አያስብ በሉልኝ» ሆነ። አንድ የገበያ ቀን ግን ከመንደሯ አንዲት ሴት መጣች፤ ምላሷ ምላጭ ነው፣ ጎረቤቷ ናት። ጆንያዋን ሚዛኑ ላይ ዱብ አደረገችና ወገቧን ያዘች።

«አንተ! እናትህ ምን ብላ እንደላከችኝ ታውቃለህ?»

«ምን አለች?»

«"ዐይኔ ላይ ጉም ወርዶብኛል። ሐኪሙም አይቶ የሚመለስ አይደለም ብሎኛል። ጉሙ በየቀኑ ይወፍራል፤ የልጄን መልክ ሳላይ እንዳይዘጋብኝ" ብላሃለች።»

ፊቱ ነጣ ልልሽ ነበር፤ ግን ድሮም ነጭ ነው።

«በሬ ልገዛላት ነው በያት!» አለ ጮክ ብሎ።

«በሬ?» አለች ሴትዮዋ። «በዚያ ዐይኗ ልታርስ?»

«ትሸጠዋለች እንጂ!»

«አሃ! አንተ ገዝተህ፣ እሷ ልትሸጠው! ብልሃቱን እየው! እኔ የምልህ፣ መንገዱ የጠፋ መስሎህ ነው እንዴ የቀረኸው? እኔ ዛሬ በሱ ነው የመጣሁት። መንገዱ እዚያው አለ።»

ወፍጮ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሰውዬው ግን ሳቁ አልተሰማውም። ጆሮው ውስጥ የቀረችው «ጉም» የምትለዋ ብቻ ናት። ከዛሬ ወዲያ ቢያድር ዋጋ የለውም፤ ዛሬ ካላየችው ላታየው ነው! ያጠራቀመውን ይዞ፣ ከነዱቄቱ፣ ወደ ከብት ተራ ሮጠ።

ከብት ተራው መሀል አንድ በሬ ቆሟል። ቀይ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለው፣ ቦቃ የሚሉት። በሬ አይደለም እኮ፣ ግድግዳ ነው! ሰውዬው ብዙም አልተከራከረም፤ ጥርሱን ሳያይ፣ ሽንጡን ሳይዳብስ ገዛው። ሻጩ ገበሬ ገመዱን ሲያስረክበው እንደ መሳቅ ብሎ፣

«ወንድሜ፣ አጥብቀህ ያዝ። ቤቱን ይወዳል» አለው።

«እኔም እናቴን እወዳለሁ!» አለና ገመዱን የእጁ አንጓ ላይ ደህና አድርጎ ጠመጠመው።

ውይ፣ ሲሄድ ብታዪው! ደረቱ ከበሬው ይቀድማል! ያገኘውን ሁሉ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ለእናቴ ነው!» ይለዋል። ዛፍ ስር ለተቀመጡት «ለእናቴ ነው!» እንጨት ለተሸከመችው «ለእናቴ ነው!» አህያ ለሚነዳው ነገረ፤ አህያዋንም ሳይነግራት አላለፈም። በልቡ ደግሞ በር ላይ ሲደርስ የሚለውን ንግግር ያሰናዳል። «እማዬ፣ ዘግይቼ ይሆናል፤ ግን ያመጣሁትን ተመልከቺ!» ይላል። «ተመልከቺ» ላይ ሲደርስ ድምፁ ይሰበርበታል። ጉሮሮውን ይጠርግና እንደገና ከ«እማዬ» ይጀምራል።

መንገዱ አንድ ቦታ ላይ ለሁለት ይከፈላል። የቀኙ ወደ እናቱ መንደር ይወጣል። የግራው በባቄላ ማሳ በኩል ወደ ጅረቱ፣ የበሬው ሻጭ ወደሚኖርበት ይወርዳል። መገንጠያው ላይ በሬው ቆመ። አፍንጫውን ወደ ግራ አዞረ። አየሩን ሳበ።

«ና እንጂ ቦቃ!» ብሎ ሰውዬው ገመዱን ሳብ አደረገው።

በሬውም ሳብ አደረገው። የማን ሳብ እንደበለጠ ልንገርሽ?

ሄደ! ጅራቱን ሰቅሎ ቁልቁል! ሰውዬው ገመዱን ጠምጥሞታል፣ ልልቀቅህ ቢለውም አይለቀውም። አንዴ በእግሩ፣ አንዴ በጉልበቱ፣ አንዴ በሆዱ ይከተላል! አንድ ጫማው ጭቃ ውስጥ ቀረ። ባቄላውን ለሁለት ሰንጥቀው ሲያልፉ የባቄላው ገበሬ ከማሳው ዳር ብድግ ብሎ «ኧረ ባቄላዬን!» ይላል፤ ሰውዬው «ያዙልኝ! በፈጠራችሁ ያዙልኝ!» ይላል።

«አንተ ነህ እሱን የገዛኸው ወይስ እሱ ነው አንተን?» ብሎ ገበሬው ከኋላ ጮኸበት።

ጅረቱ ጋ ሲደርሱ በሬው ዘለለ። ገመዱ ተበጠሰ። ሰውዬው ውሃው መሀል ቁጭ አለ። እንግዲህ ዱቄት ውሃ ሲያገኝ ምን እንደሚሆን አንቺም ታውቂያለሽ። ከአናቱ እስከ አንገቱ ሊጥ! እርሾ ብቻ ነው የጎደለው!

ዱካውን ተከትሎ፣ በአንድ ጫማ እየተንፏቀቀ፣ ከአንድ ግቢ በር ደረሰ። ምን ቢያይ ጥሩ ነው? አንዲት አሮጊት፣ ያን ግድግዳ የሚያህል በሬ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ትስመዋለች! «መጣህልኝ! ቦቃዬ መጣህልኝ! እልልል!» መዳፏ ላይ ጨው ይዛ ታስልሰዋለች። በሬውም ያን ሁሉ ቀንድ ተሸክሞ፣ ራሱን እንደ ጥጃ ብብቷ ስር ይወሽቃል።

ሰውዬው ንዴቱ አናቱ ላይ ወጣ። ሊጡን ያደረቀው እሱ ሳይሆን አይቀርም።

«እማማ! ይሄ ምን እልል ያሰኛል? ዛሬ ጠዋት አይደል እንዴ ከዚህ የወጣው!»

«አንተ ደግሞ ማነህ?»

«የበሬው ጌታ ነኛ! ዛሬ ገዝቼው!»

አሮጊቷ ከላይ እስከ ታች ቃኘችው። ሊጡን አየች፣ ጭቃውን አየች፣ አንዱን ጫማ አየች። «ጌታውስ እሱ ይመስላል» አለች። «እሺ፣ ልጄ ሸጠው፣ አንተ ገዛኸው። ይሁን፣ ውሰደው። ግን መጣልኝ እኮ! እልል አልል?»

«ምን ይዞ መጣና ነው እልል የሚሉት? ገመድ በጥሶ፣ ጭቃ ተለውሶ፣ ባዶውን!»

አሮጊቷ ጨው የያዘ መዳፏን እንደዘረጋች ዞር ብላ አየችው። ንቃው አይደለም ውብሪስት፤ ምን እንደጠየቃት ነው ያልገባት።

«ምን ይዞ ይምጣ?» አለች ግራ ገብቷት። «እሱ ነው እኮ የመጣው።»

ሰውዬው ዐይኑን ወደ በሬው መለሰው። በሬው ዐይኑን ጨፍኖ ጨው ይልሳል፤ አፍሮ አያውቅም። ያ የጠጣው ስኳር፣ ያ ያልገዛው ጋቢ፣ ያ ያነሰበት በግ፣ ሁሉም በሰውዬው ፊት ተሰለፉ። ቀና ብሎ ፀሐይዋን አያት። ዘንበል ብላለች፤ ግን አለች። ብርሃን ገና አለ!

«እማማ፣ በሬው እዚሁ ይቆይልኝ። ከልጅዎ ጋር ሌላ ቀን እንነጋገራለን» አለ።

«ወዴት ነው? ሳትታጠብ? እህል ሳትቀምስ?»

«ቤቴን እወዳለሁ!» አለና ሮጠ።

ኧረ እንዴት ያለ ሩጫ! ያንኑ ጅረት ዘለለ፤ አሁን ጎትቶ የሚጥለው የለም። ባቄላው ጋ ሲደርስ ገበሬው የተሰበረበትን እያቃና አገኘው።

«ደግሞ መጣህ? በሬውስ?»

«ቤቱ ገባ! እኔም ልገባ ነው!»

«በባቄላዬ ላይ?»

«በዳር ነው! በዳር!»

እናትየዋ ግድግዳዋን ተደግፋ ያዘቀዘቀች ፀሐይ ትሞቃለች። ጭኗ ላይ ሰፌድ አለ፤ ምስር ትለቅማለች፣ በዐይኗ ሳይሆን በጣቷ። ድንጋዩን እየዳሰሰች ታወጣለች። ኮቴ ሰማች። አንዱ እግር ይጮሃል፣ አንዱ አይጮህም።

«ማነው? ምነው ያነክሳል?» አለች።

ያ በመንገድ ሁሉ ያሰናዳው ንግግር ብን ብሎ ጠፋ።

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ማን?»

«እኔ ነኝ፣ እማዬ።»

ምስሩ ተበተነ። ተነሳችና ትከሻውን ጨመደደችው። ፊቱን ወደ ፀሐይ አዞረችው። ወደ ግራ ገፋችው፣ ወደ ቀኝ መለሰችው፣ አገጩን ቀና አደረገችው፤ በግ የምትመርጥ ነው የምትመስለው። ጉሙ የዐይኗን መሀል ወርሶታል። ጠርዙ ላይ ግን ቀጭን ነገር ቀርታለች፤ በዚያች ቀጭን ነገር ትፈልገዋለች። ሰውዬው በጊዜ የደረሰ ይሁን ያልደረሰ አያውቅም።

«ሸበትክ?» አለች። «ይሄን ያህል ቆየህብኝ እንዴ?»

«ሊጥ ነው እማዬ! ዱቄት ነው! ወንዝ ገብቼ ነው!»

የነጠላዋን ጫፍ በምራቋ አርጥባ ግንባሩን ፈተገችው። ሚስት የሚያገባ ጎልማሳ ነው እኮ! እንደ ድስት ፈተገችው! ጠረገች፣ ጠረገች፣ ከሊጡ ስር ጥቁር ፀጉር ወጣ። ጠረገች፣ ጠረገች፣ አፍንጫ ወጣ።

«አየሁህ!» ብላ ጮኸች። «አየሁህ! የአባትህ አፍንጫ! ይሄንንማ ጉምም አይሸፍነው!»

ሳቀች፣ አለቀሰች፣ ሁለቱንም ባንድ ላይ። ሰውዬው ጉልበቷ ላይ ወደቀ።

«እማዬ፣ ምንም አላመጣሁልሽም። በሬ ነበረ፣ አመለጠኝ።»

«በሬ?» አለች። «ማን ሊጠብቅልኝ? ማን ገለባ ሊያቀርብለት? እንኳን አመለጠ! በል ተነስና እጅህን ስጠኝ። ይሄ ጉም ከወረደ ሰው አላስቸግርም ብዬ ከዚህ ግቢ አልወጣሁም። ዛሬ እወጣለሁ!»

ወጡ። እጇን ይዞ፣ ድንጋይ ሲመጣ «ድንጋይ ነው»፣ ጉድጓድ ሲመጣ «ጉድጓድ ነው» እያለ። እሷ ግን የመንደሩን መንገድ ከሱ በላይ ታውቀዋለች፤ በየበሩ እየቆመች «ልጄ መጣልኝ!» ትላለች። መጀመሪያ ወጥታ ያገኘቻቸው ማን ናት? ያቺ ምላሰ ምላጭ! ከወፍጮ ገና መመለሷ ነው።

«ውይ መጣ እንዴ!» አለች። «ታዲያ ምን አመጣልሽ? በሬው የታል?»

አየሽ፣ መጣችለት! ያ ሁሉ ዘመን የሸሻት ቃል ፊት ለፊት መጣችለት። ሰውዬው እጁን ሊያስለቅቅ ፈለገ። እናትየዋ ግን አጥብቃ ያዘችና እጁን ከነእጇ ወደ ላይ አነሳችው።

«ይኸውና!» አለች። «ይሄን አመጣልኝ! ባይመጣ አንቺ በር ላይ እንዴት እደርስ ነበር?»

ምላሰ ምላጯ አፏን ከፈተች፤ ነገር ልትወረውር ነው ስንል እልልታዋን ለቀቀችው! ከዚያ ያኛው ግቢ ተቀበለ፣ ከዚያ ወዲያኛው።

እንደዚያ እጅ ለእጅ ሆነው ሲመለሱ ነው የእናትየዋ ጣት አንጓው ላይ ሸካራ ነገር ያገኘው። «ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አለች። ከበሬው የተረፈች ገመድ ናት፤ ከእጁ ሳትፈታ ቀርታ ረስቷት።

በማግስቱ ፈታት። አንዱን ጫፍ የእናቱ በር ምሰሶ ላይ አሰረና ወደ ጎረቤትየዋ አጥር ጎተታት። አጠረች። ከዛፍ ልጥ ላጠና ቀጠለባት። ደግሞ አጠረች፤ ምላሰ ምላጯ አሮጌ ጠፍር ወረወረችለት። ቀጠለ። ከበር እስከ በር ተዘረጋች። በስሯ ያለውን ድንጋይ ለቀመ፣ ጉድጓዱን ደፈነ። እናቱን አምጥቶ እጇን ገመዷ ላይ አኖረላት።

አንድ እርምጃ ሄደች። ቆመች። ደግሞ ሄደች። ከዚያማ ማን ያቁማት! ያለ ማንም ጎረቤቷ በር ደረሰች፤ አጥሩን ደበደበችና «እኔ ነኝ! ብቻዬን ነኝ!» ብላ ተመልሳ መጣች። ደግሞ ሄደች። እንደ ልጅ! ሰውዬው ምሰሶው ላይ ተደግፎ ይስቃል፤ ዐይኑ ግን እንባ ሞልቷል።

ወደ ወፍጮው ሊመለስ ሲል «ገመዷ እየዋለች ትላላለች» አለችው። «እየመጣህ አጥብቅልኝ። ሌላ ነገር ይዘህ እንዳትመጣ፤ እጅህን ይይዝብሃል።» እሱም እየሄደ አጠበቀላት። ጉሙ ሙሉ ለሙሉ ሲዘጋ እንኳ እሱ ሲነካት ገመዷ ትነዝርና እናቱ «መጣህ?» ትለው ነበር፣ ገና በሩን ሳያልፍ።

በሬው ምን ሆነ ትያለሽ? ቤቱ ነዋ! ሻጩ እውነተኛ ሰው ነበር፣ ገንዘቡን መልሶለት ያለ ጠብ ተግባቡ። ገበሬውም ለባቄላው ዱቄት ተቀብሎ ታረቀ። ጫማዋ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘችም።

እንግዲህ ውብሪስት፣ ያ ሰውዬ አንቺ ነሽ! ዱቄቱ ብቻ ነው የጎደለሽ! «ደሞዝ ልያዝና» ትያለሽ፤ ደሞዙ ሲመጣ «ይቺን ይዤ?» ትያለሽ፤ ስጦታሽ ኩፍ ሲል፣ ኩፍ ሲል፣ እናትሽ በር በሩን ስታይ ትኖራለች። እኔ እህቴን አውቃታለሁ፤ ካንቺ በፊት ነው የማውቃት። ስትሄጂ ከረጢትሽን አትመለከትም፤ ከስተሽ እንደሆነ ጉንጭሽን ነው የምትመለከተው።

ደግሞ ምን የለኝም ትይኛለሽ? ጠዋት ማታ ፀጉር ቤት ቆመሽ የሰው እናት ሹሩባ ትሠሪያለሽ፤ የገዛ እናትሽን ፀጉር መቼ ነው የነካሽው? ትንሽ እያለሽ በጉልበቷ መሀል ጠፍንጋ ስትሠራሽ ጩኸትሽ እኔ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር! አሁን ተራው ያንቺ ነው። ጉልበትሽ መሀል አስቀምጪያት፣ ቀስ ብለሽ ሥሪያት፣ ትንሽ ብትጮህም ቻይ። ጎረቤት መጥቶ «ልጅሽ ምን አመጣችልሽ?» ሲላት፣ ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ ጭንቅላቷን ታሳየዋለች።

በይ ተነሽ፣ መኪናው ሳይሞላ! ማበጠሪያ እንኳ አትያዢ። ማበጠሪያውም ቅቤውም እሷ ጋ አለ፤ የጠፋው ጣትሽ ነው።